ስም የሚጠይቀው በር

ወንድሜ ኮድ የሚጽፈው በአንድ እጁ ነበር። ግራ ክንዱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት አራት ሰዓት፣ ከኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ጋር ይታሰራል። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ በቀኝ እጁ ጣቶች ብቻ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይለቅማል። በዚህ ምክንያት የእሱ ኮድ መስመሮች አጫጭር ናቸው። ሁለት እጅ ያለው ፕሮግራመር ባንድ ረጅም መስመር የሚጨርሰውን እሱ በአራት ቁራጭ ይከፍለዋል። «የእኔ ኮድ የድሃ ብርድ ልብስ ነው እትዬ» ይለኝ ነበር፤ «ቁርጥራጭ ነው፣ ግን ብርድ አያስገባም።»

አብረን የምንሠራበት ቢሮ ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት ሆነን ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። እኔ ስልክ ተቀባይ ነኝ፤ ሶፍትዌሩ አልሠራ ያለው ደንበኛ ሁሉ የሚጮኸው እኔ ጆሮ ላይ ነው። የማዳመጫዬ ስፖንጅ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ጆሮዬ ግን ያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰዉ የሚጮህብን ፕሮግራመሮቻችን ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። አንድ ለውጥ ተጽፎ ደንበኛው ጋ እስኪደርስ ሃያ እርምጃ አለው፤ መፈተሽ አለ፣ መገጣጠም አለ፣ የድሮውን ቅጂ ማስቀመጥ አለ፣ መላክ አለ። በእጅ ሲሠራ አንዱ ይረሳል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አሥራ ሦስተኛው ነው፤ በተረሳ ቁጥር እኔ ጋ ስልክ ይጮሃል።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። እንግዲያው ሃያውን እርምጃ በየተራው ራሱ የሚያስኬድ መሣሪያ እንሥራ አለ። እኔ ያኔ ከኮድ ጋር አንተዋወቅም ነበር። አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤ እየተቀመጥኩ፣ መማሪያውን ቤት እየወሰድኩ፣ እየተበላሸብኝ፣ እንደገና እየጀመርኩ ተማርኩ። መሣሪያውን «ተራ አስከባሪ» አልነው። ግማሹን እሱ ጻፈ፣ ግማሹን እኔ። የእኔ መስመሮች ረጃጅም ስለሆኑ ያስታውቃሉ።

የመሣሪያው ልብ የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት። «በሩ» እንላታለን። ሐሳቡ የመጣው ከኩላሊት ማጠቢያው ነርስ ነው። ወንድሜን ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስቴ እያየችው፣ ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት ሁልጊዜ «ሙሉ ስምህን በአፍህ ንገረኝ» ትለዋለች። አንድ ቀን ታክቶት፣ «ረሳሽኝ እንዴ?» አላት።

«አልረሳሁህም። ግን ማሽን ከመነሳቱ በፊት ሰው ይናገራል፤ ሥርዓቱ ነው።»

ያን ዕለት እዚያው በሩን ጻፈው። ሥራው ሁሉ በራሱ ይሄድ ይሄድና መጨረሻው ላይ ይቆማል፤ አንድ ሰው ስሙን ጽፎ እኔ ነኝ የለቀቅሁት ካላለ ወደ ደንበኛ አያልፍም። ስም ሲጻፍለት «እሺ፣ ቀጥል» ይላል። ሌላ ቃል አያውቅም።

ስንጨርስ ለማንም ክፍት አድርገን ኢንተርኔት ላይ አወጣነው። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ነው፤ የፈለገ ይወስዳል፣ ማንንም አያስፈቅድም። የፈቃዱን ቃል የጻፈው ወንድሜ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ እንዲህ ይላል፤ «ይህን የሠሩት ባለአንድ እጅና እህቱ ናቸው። ውሰዱት፣ ለውጡት፣ ተገልገሉበት። ይህችን መስመር ብቻ አታጥፉ።» ባለአንድ እጅ ብሎ የሰየመው ራሱን ነው። እኔ ደስ አላለኝም ነበር፤ እሱ ግን ሰው ከሚያወጣልኝ ራሴ ላውጣ ብሎ ሳቀ።

ከስድስታችን አንዱን ከረባት እንለው ነበር፤ ካናቴራ በሚለብሱ ፕሮግራመሮች መሐል ብቻውን ከረባት ያስር ስለነበር ነው። ምላሱ ቅቤ ነው። ወንድሜን ሆስፒታል የሚያደርሰው እሱ፣ ላፕቶፑን የሚሸከመው እሱ፣ ብርቱካን ልጦ የሚያጎርሰው እሱ። እናታችንን «እማዬ» ይላታል። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አያነብም። ሌላ ሰው የሠራውን ቁራጭ ሲወስድ፣ ምን እንደተለወጠ ሳያይ «ሁልጊዜ የቅርቡን አምጣ» ብሎ ያዝዝና ይሄዳል። ወንድሜ ይቆጣው ነበር። «ሳታላምጥ አትዋጥ፤ አንድ ቀን አጥንት ያንቅሃል» ሲለው ይስቃል።

ወንድሜ ሞተ። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ከረባት ነበር። በአራተኛው ወር የራሱን ድርጅት ሊከፍት ሥራውን ለቀቀ። እኔም መርቄ ሸኘሁት።

ዓመት አለፈ። አንዲት የማላውቃት ፕሮግራመር በተራ አስከባሪ ገጽ ላይ ችግር አስመዘገበች። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው ዕረፍት ሲወጣ በሩ እንደቆመ ይቀራል፣ ምን ይሻላል ትላለች። አጻጻፏ የጨዋ ነው። ችግሩ እንዲገባን ብላ የመሥሪያ ቤቷን ፋይል አያይዛለች። ከፈትኩት።

አጫጭር መስመሮች። አራት ቁራጭ፣ እንደገና አራት ቁራጭ። የወንድሜ ጣት ቁልፎቹን ሲለቅም ያየሁ መሰለኝ። አናቱ ላይ ግን የእሱ መስመር የለችም። በቦታዋ የከረባት ስም ከነድርጅቱ ተቀምጦ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። ፕሮግራመሯ ለካ የእሱ ሠራተኛ ናት። የመሣሪያው ስም «ፈጣን መስመር» ሆኗል። ገጻቸውን ፈልጌ አነበብኩ፤ ሰማንያ መሥሪያ ቤቶች ይገለገሉበታል፤ ከረባት ብቻውን ለፍቶ ከባዶ የፈጠረው ነው ተብሏል። ፎቶው አለ፤ ከረባቱ ቀይ ነው።

ያልገለበጠው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በሩን። ሞክሮ ሳይገባው ቀርቶ ይሆናል። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከእኛ ገጽ የቅርቡ እንዲመጣለት አዟል። እኔ በሩን የለወጥኩ እንደሆነ ለውጡ በማግስቱ እሱ ዘንድ ይገባል። እንግዲህ ሰማንያው መሥሪያ ቤት በየጠዋቱ በእኔ መዳፍ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ይህን ሳይ እጄን አነሳሁና አየሁት። እጄ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ አያውቅም።

ያኔ ምንም አላደረግኩም። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሄድኩ።

ቢሮው መስታወት በመስታወት ነው። እጁን ዘርግቶ ወጣ። «እትዬ! ምነው ሳትደውዪ?» አለ። ውሃ አስመጣልኝ፣ የእናታችንን ጉልበት ጠየቀ፣ ስለ ራሱ አወራ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት፤ መስማት ሥራዬ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም እንደማልፈልግ፣ የወንድሜን መስመር ወደ ቦታዋ እንዲመልስ ብቻ ነገርኩት።

ፈገግታው ንቅንቅ አላለም። «ነጻ ነው ብላችሁ መንገድ ላይ ያስቀመጣችሁትን አነሳሁ እንጂ ኪሳችሁ ገባሁ?»

«መስመሯን አታጥፉ ይላል።»

ከረባቱን አስተካከለ። «ለእኔም ወንድሜ ነበር እትዬ። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?»

ውሃውን ሳልጠጣው ወጣሁ። በደረጃው ወረድኩ፤ ሊፍት እንዳለ እንኳ አላስታወስኩም። የማውቀው ጠበቃ ክሱ ከእኔ ዕድሜ ይረዝማል አለኝ። ጠዋት ጠዋት ስጸልይ ይቅርታ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ያንሳል፤ በኋላም ዘልዬው ማለፍ ጀመርኩ። እግዜር ይህን እንደሚሰማ አውቃለሁ። እሱም እንደ እኔ አዳማጭ ነው፤ ያላሉትንም ይሰማል።

በመጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉንም ማቆም ነበር። አንድ መስመር ይበቃኛል፤ በሩ ለማንም እንዳይከፈት ማዘዝ። ጻፍኩት። ቁልፉን ብጫነው በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ የከረባት ሰማንያ ደንበኞች ባንዴ ይቆማሉ፣ ስልኩም ይጮሃል፤ ጩኸቱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መስመሯ ሦስት ቀን ሳትላክ ስክሪኔ ላይ ቆየች። ከሰማንያው መሐል የደም ባንክ አለ። የእኛን መስመር ሳያጠፉ በሩን የሚገለገሉ ሌሎችም አሉ። እነሱ ምን አደረጉኝ? እንዲህ እያልኩ ጣቴን እሰበስባለሁ፤ «ለሞተ ሰው ስም» የሚለው ትዝ ሲለኝ ደግሞ እዘረጋለሁ።

እናታችን ጉልበቷን እያሸች ታየኝ ነበር። ኮምፒውተር አታውቅም፣ ፊት ግን ታነባለች። «ፊትሽ ቢላ መስሏል፤ ማንን ልታርጂ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ተይው ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ከረባትን ስንት ጊዜ አብልታዋለች። እሷ ግን ጉልበቷን ማሸቱን ተወች። ከዚያ የራሷን እናት ነገር አመጣች። ጎረቤታቸው ከገመድ ላይ አንሶላ ሰርቃ ኖሮ፣ አያቴ ሳትሳደብ ሳትከስ ሰዉ የሚሰበሰብበትን ቀን ጠብቃ፣ አንሶላውን ዘርግታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ ይህ ጥልፍ የማን እጅ ነው?

«ታዲያ ምን አለች?» አልኳት።

«ምን ትላለች? እስክትሞት በእኛ በር አላለፈችም።» እናታችን ይህን ስትል ዓይኗ በራ። «አትምቺው ልጄ። የተመታ ሰው ያዝኑለታል። አናግሪው፤ ሰው ፊት፣ በገዛ አፉ።»

ያቺን መስመር አጠፋኋት። በምትኩ በሩን አንድ ነገር ጨመርኩበት። በሩ ከእንግዲህ የገባበትን ፋይል አናት ያነባል። የወንድሜ መስመር በቦታዋ ካለች እንደ ድሮው ነው። ከሌለች፣ ስም ከመቀበሉ በፊት «ይህን በር የሠራው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው ስም ካልተጻፈለት «አይደለም» ይላል እንጂ አይከፍትም። በዚህ ማንም አይጎዳም፤ መልሱን ያወቀ ሰው ጽፎት ያልፋል፤ ያላወቀ ያወቀውን ይጠይቃል።

ደግሞ ተደብቄ አልሠራሁትም። እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ ነገር የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ ያስታውቃል። ከሠላሳ ቀን በፊት ከገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ ምን እንደሚለወጥ፣ ለምን እንደሚለወጥ፣ መልሱም ምን እንደሆነ። ያነበበ ሁሉ በሩብ ሰዓት ያስተካክለዋል። ለውጡ የሚጀምርበትንም ቀንና ሰዓት ጻፍኩ፤ ረፋድ አራት ሰዓት። ከረባት «ፈጣን መስመር»ን ለትልልቅ ደንበኞች በአዳራሽ የሚያሳይበት ቀን ነው። አጋጣሚ ነው ብዬ አልዋሽም። ቀኑን የእሱ ገጽ ላይ አይቼ፣ ከዚያ ሠላሳ ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው።

ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ያቺ ችግር ያስመዘገበችው ፕሮግራመር ናት። ከኋላዋ ልጆቿ በአሻንጉሊት ይጣላሉ። ማስታወቂያውን አንብባዋለች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ያነበበች እሷ ብቻ እንደሆነች፣ ፋይሉ ላይ የነበረው መስመር መጥፋቱንም እስከዚያ ድረስ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ድምፅ በማወቅ አልታማም፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ለእኔ የከበደውን ጥያቄ አመጣች።

«ለአለቃዬ ልንገረው?»

አትንገሪው ማለት ፈለግሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ሰዓት ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ በውኔም በሕልሜም ፊቱን አይቼዋለሁ። አትንገሪው ካልኩ ግን ወጥመድ ይሆናል፣ እሷንም የወጥመዴ ገመድ አደርጋታለሁ። ንገሪው ካልኩ ደግሞ መስመሯን በሩብ ሰዓት መልሶ፣ ማንም ሳያይ፣ እንደ ፈገገ ይቀራል።

«ከጠየቀሽ ንገሪው» አልኳት። «በሩን ማን ሠራው፣ ምን ተለወጠ፣ ምንም ቢሆን ከጠየቀሽ አትደብቂው።»

«እሱ እኮ አይጠይቅም» አለች። «ይናገራል እንጂ።»

እንግዲህ ሰባት ቀን ሙሉ የማምለጫው መንገድ ከእሱ ሁለት ጠረጴዛ ርቆ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። እንዳይጠይቅ ጸለይኩ ማለት ያሳፍረኛል። ጸለይኩ።

ቀኑ ደረሰ። ዝግጅቱ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፋል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ እናታችንን ቢሮ አምጥቼ፣ የወንድሜ በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። የቀሩት የሥራ ባልደረቦቼ ከኋላችን ቆሙ። የጎማ ጠጋኙ መጭመቂያ ከታች ያጉረመርማል።

ከረባት መድረክ ላይ ወጣ። ከረባቱ ሰማያዊ ነው። ይህን መሣሪያ እንዴት ብቻውን እንዳሰበው፣ ከባዶ እንዴት እንደጀመረ ተናገረ፤ የድካሙን ነገር ሲያወራ ድምፁ እንኳ ተሰበረ። «ይሄ ሰውዬ ለራሱ ቀብር ቢያለቅስ ያምርበታል» አለች እናታችን። ከዚያ ሥራውን አስጀመረ። በትልቁ ስክሪን ላይ እርምጃዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ እየሆኑ ወረዱ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። አሥራ ሦስተኛው ሲያልፍ ሳላስበው ስልኬን አየሁ፤ ልማድ ነው። አሥራ ዘጠኝ። ቆመ።

ይህን በር የሠራው ማን ነው?

ፊደሉ የቤት በር ያክላል። ከረባት ዞሮ አየው፣ ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ደኅንነቱ ጥብቅ ነው አለ። የድርጅቱን ስም ጻፈ።

አይደለም።

የራሱን ስም ከነአባቱ ጻፈ።

አይደለም።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላ። ከረባት የኢንተርኔት ችግር ሳይሆን አይቀርም አለ። ስሙን እንደገና ጻፈ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው። አይደለም። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ ደንበኛ መሆን አለባቸው፣ ማይክሮፎን ሳይዙ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ግን ደረሰን።

«ልጄ፣ ጥያቄው እኮ ግልጽ ነው። ማን ነው የሠራው?»

ከረባት ከመድረኩ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ። «መልሱን የምታውቁ አላችሁ?»

ፕሮግራመሯ ተነሳች። «ባለአንድ እጅ።»

«ማን?»

«ባለአንድ እጅ። ከእህቱ ጋር ነው የሠራው። ሞቷል፤ መስመሩ ከፋይሉ ላይ ተነስቷል።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጸጥታ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ይህኛውን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ የተዋሸ መሆኑ ሲገባው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ያለው ነው። ከረባት ጎንበስ አለ። ሁሉ እያየው፣ ፊደል በፊደል፣ በትልቁ ስክሪን ላይ ጻፈው። ባለአንድ እጅ። በሩ እንደ ልማዱ መለሰ፤ እሺ፣ ቀጥል።

እናታችን ማንበብ ትችላለች። አነበበችው። እንባ አልጠበቅኩባትም፤ አላለቀሰችም። «በድምፁ አላነበበውም» አለች። «ያንብበው እንጂ።»

ቀትር ሳይሆን ደወለ። ድምፁ ውስጥ ቅቤው የለም። አዋረድሽኝ አለ። በሩ ጠየቀህ እንጂ አላዋረደህም አልኩት። በስልክ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አለ።

«በእግሬ መጥቼ ነግሬህ ነበር» አልኩት። «ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል ብለህ ጠየቅኸኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም።»

ጥያቄውን ከበሩ ላይ እንዳነሳው ለመነኝ፤ እትዬ ብሎ፣ ሁለቴ። መስመሯን መልስ፣ በሩ ራሱ ዝም ይልሃል አልኩት። ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራመሯ የላከችልኝን ፋይል ባየው አናቱ ላይ አለች፤ ባለአንድ እጅና እህቱ። የከረባት ስም ከመስመሯ በታች ወርዷል።

በዚህ ልቤ አረፈ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ቀረጻውን አሥራ አንድ ጊዜ አየሁት። ጎንበስ የሚልባትን ቦታ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለች በቃሌ አውቃለሁ። ስጸልይ ያቺ ቦታ ላይ ዛሬም ድምፄ ያንሳል፤ መዝለሉን ግን ትቼዋለሁ። ሦስት ደንበኞች ጥለውት እንደሄዱ ስሰማ አላዘንኩም።

በማግስቱ ገጹን ስከፍት የፕሮግራመሯ ችግር እንደተመዘገበ ቁጭ ብሏል፤ ፈቃድ ሰጪው ዕረፍት ሲወጣ በሩ እንደቆመ ይቀራል። በበቀሌ ተይዤ ከርሜ አንዲት ጨዋ ሴት ለጠየቀችው መልስ አልሰጠሁም። ወንበሬን ሳብኩ። የሚጨመረው ጥቂት ነው፣ ግን የሚገባው ከወንድሜ መስመሮች መሐል ነው፤ የእኔ ረጅም መስመር እዚያ ውስጥ እንደ ልጥፍ ጨርቅ ያስታውቃል። ግራ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩና በቀኙ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። አራት ቁራጭ፣ እንደገና አራት ቁራጭ። ረፋዱን ሙሉ ፈጀብኝ።

የበሩን ጥያቄ ግን አላነሳሁትም። ዛሬም እዚያው ነው፤ ያቺን መስመር የሚያጠፋ ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።